ራሱን የከሰሰው ነገረ ፈጅ

አንድ ነገረ ፈጅ ነበረ።

የእሱን ነገር ያነሣሁት ስለ ጠየቅሽኝ ነው፣ ልጄ። የፋብሪካ ሠራተኞች ለስተርጅናቸው ብለው ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ያኖሩትን ገንዘብ እንድትጠብቂ መርጠውሻል። የሕግ አማካሪው፣ የሒሳብ አዋቂው፣ ገንዘባችሁን እኔ ላንቀሳቅስላችሁ የሚለው ባለሙያ፣ ሁሉም ከዚያው ከረጢት በየዓመቱ ይቆነጥራል፤ ቁንጥሩም ከዓመት ዓመት እየወፈረ ሄዷል። አንቺም መጥተሽ፣ «አባባ፣ ከፋዩ ወዶና ፈርሞ ከተስማማ፣ ባለሙያ ያሻውን ዋጋ ቢጠይቅ ምን በደል አለበት?» አልሽኝ። አለበትም የለበትም አልልሽም። ሰውየውን ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ።

ይህ ነገረ ፈጅ በዘመኑ አቻ አልነበረውም። ሸማውን አደግድጎ በዳኛ ፊት ሲቆም መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ችሎቱን የከበበው ሰው አንዲት ቃል እንዳታመልጠው አንገቱን ያሰግጋል፣ ዳኛውም ሳይቀር ጎንበስ ይላል። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ይዞ ፈታይ ጥጥ እንደምትስብ አድርጎ፣ ሳይበጥስ፣ ቀስ እያለ ይስበዋል። ሐሰተኛ ምስክር አያቆምም። መማለጃ አይሰጥም። የሚረታው በማስተዋሉና በአንደበቱ ብቻ ነው። ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው እንኳ እሱ የሚሟገትበት ቀን ሲሆን ገበያውን ጥሎ ሊሰማው ይመጣ ነበር።

ዋጋውም እንደ ስሙ ነበረ። ሰዎች በዛብን ሲሉት፣ ይህን አንደበት ለማግኘት ጉልምስናውን ሁሉ በዳኞች ደጅ እንደ ጨረሰ፣ ርካሽ የፈለገ ርካሹን መቅጠር እንደሚችል ይነግራቸዋል። በዚህም አልዋሸም። ያለ እውቀት ከሚሟገት በእሱ የተሟገተ፣ ከፍሎም ቢሆን፣ ያተርፍ ነበር።

ከተማው ካለበት ተራራ ግርጌ፣ በወንዝ ዳር፣ ገበሬዎች የሚኖሩበት አገር አለ። እነዚህ ሰዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ካላቸው መሬት ሁሉ ለም የሆነውን አንዱን ሰፊ ማሳ የማንም ርስት እንዳይሆን ለይተው የጧሪ ማሳ ብለውታል። ጉልበት ያለው ሁሉ ተራው ሲደርስ በሬውን ጠምዶ ያርሰዋል፣ ያርመዋል፣ ያጭደዋል። እህሉን የሚበላው ግን እርፍ መጨበጥ ያቃተው ሽማግሌ፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ ልጅ ያልወጣለት ደካማ ነው። ትናንት ያረሰ ዛሬ ይበላል፤ ዛሬ የሚያርስም ነገ ይበላል። በዚያ አገር አርጅቶ ሰው ደጅ የቆመ አልነበረም። የማሳውን ጎተራ የሚጠብቁት፣ ለየሰዉ ድርሻውን የሚሰፍሩትና ለከርሞ ዘር የሚያስቀሩት እመት አስካለ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ።

አንድ ዓመት ታዲያ ከጎረቤት ቀበሌ አንድ ባለጸጋ ተነሥቶ ማሳው የአያቴ ርስት ነው አለ። ዘመዱ ብዙ፣ ምስክሩም ብዙ ነው። የወንዝ ዳሮቹ ሽማግሌዎች ነገሩ በእርቅ ያልቃል ሲሉ ቆይተው፣ የችሎቱ ቀጠሮ ዋዜማ ላይ መሬቱ ከእጃቸው ሊወጣ መሆኑ ሲገባቸው፣ እመት አስካለን ይዘው ወደ ነገረ ፈጁ ቤት ሮጡ።

እሱም ሰማቸው። ገና ተናግረው ሳይጨርሱ እንደሚረታ አውቆታል። ዋጋውን ነገራቸው፤ ከተረታ ምንም አይፈልግም፣ ከረታ ግን ከማሳው ከሚገባው እህል ሲሶው በየዓመቱ ለእሱ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው እንኳ አልተማከሩም። ንጉሥ ይሙት ብለው ማሉ።

በማግስቱም ረታ። እንዴት አድርጎ እንደ ረታ ዛሬም ድረስ ይወራል። የባለጸጋውን ምስክሮች አልተሳደበም፣ አላፋጠጠም። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋውን አንዱን ለይቶ፣ ይህ ሰው በወንዝ ዳር እንደ ተወለደ ያውቅ ነበርና፣ ቀስ ብሎ «አባትዎ ሲያረጁ ማን ጦራቸው?» አለው። ሰውየው ፊቱን ከባለጸጋው መልሶ «ማሳው» አለ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ፣ እጁን ሳሙ፣ እየዘፈኑ ቁልቁል ወረዱ።

መጀመሪያ መኸር ላይ የነገረ ፈጁ ሎሌዎች አህያ ነድተው ወርደው ሲሶውን አመጡ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ዓመት ግን አህዮቹ ከፊሎቹ ባዶ ጀርባቸውን ተመለሱ። ነገረ ፈጁ፣ እህል ደብቀውብኛል አለ። ለስንቱ ውለታ ቢስ ቆሜያለሁ እያለ በውስጡ ተቆጣ፤ በቅሎውን ጭኖ ራሱ ወረደ።

ማሳውን ሲያየው ደነገጠ። በችሎት «ከዚህ አገር መሬት ሁሉ የተሻለ» እያለ ያሞገሰው ምድር ግማሹ ጦም አድሯል። አሜኬላ በቅሎበታል። በአጠገቡ ያሉት የየሰዉ ማሳዎች ግን ንጹሕ ናቸው። አንድ ጎልማሳ ከራሱ አውድማ ላይ ገብሱን ሲያበራይ አገኘና ማን መሆኑን ሳይነግረው፣ ይህን መሬት ምን ነካው አለው።

ሰውየው በሬዎቹን አቁሞ ላቡን ጠረገ። አባቱ እድሜ ልኩን ያን ማሳ ሲያርስ እንደ ኖረ፣ አሁን ግን ግማሽ ቁና ተሰፍሮለት እንደሚመጣ ነገረው። «እና እኔ ለማን ልረስ፣ ጌታው? ለከተማ ሰው? ሳረጅ እንደማይተርፈኝ እያየሁ ምን አደከመኝ። እኔም እንደ ሌላው ከቤቴ ጓሮ የእህል ጉድጓዴን ቆፍሬያለሁ፤ ያለችኝን እዚያ እከታለሁ።» ይህን ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቁጣም አልነበረበትም። ተስፋ የቆረጠ ሰው አነጋገር ነበረ።

ነገረ ፈጁ ወደ ጎተራው ሄደ። እመት አስካለ ድርሻ ሊቀበሉ በመጡ አሮጊቶች መካከል ተቀምጠው ሲሰፍሩ አገኛቸው። ሲያዩት ተነሥተው እጅ ነሡ፣ ወንበርም አስመጡለት። ቁናውን ሞልተው አይሰፍሩም፤ ከወገቡ በታች ሲደርስ እጃቸውን ያነሣሉ። ተቀባይዋም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትሄዳለች። የምታጉረመርም የለችም። አንዲቱማ አልፋው ስትሄድ ጎንበስ ብላ፣ ስለ ማሳው ያደረጉልንን ውለታ እግዜር ይክፈልዎ አለችው።

ያ ምርቃት ከስድብ ይልቅ አቃጠለው።

ሰዉ ሲሄድ እመት አስካለን ጠየቃቸው። እሳቸውም እንደ ሆነው ነገሩት። በመጀመሪያው ዓመት ሲሶው ከጠቅላላው ላይ ሲነሣ ዘሩም አብሮ ተቆረጠ፤ ዘር ተበደሩ። በሁለተኛው ብድሩ ሲመለስ የሚዘራው ሳሳ። ዘሩ ሲሳሳ እህሉ ሳሳ፤ እህሉ ሲሳሳ አራሹ ሸሸ። የሚያርሰው ሲያንስ ደግሞ የሚበላው አላነሰም፣ በየዓመቱ የሚያረጅ አለና።

«ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው።

«ምን ብለን?» አሉ። «ምለናል እኮ።»

ነገረ ፈጁ እዚያው ተነሥቶ ሲሶውን ማርኋችሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ተጠርተው መጡ፣ ሰሙት፣ አመሰገኑት፣ ከዚያም አይሆንም አሉት። በመጀመሪያ የመሰለው በይሉኝታ ነው። ኋላ ግን ከምር መሆኑን አወቀ። ከመካከላቸው በጣም ያረጀው ነገሩን እንዲህ አስረዳው፦ የማሉት በንጉሥ ስም ነው፤ በንጉሥ ስም የታሰረ ነገር በንጉሥ ወንበር በተቀመጠ ዳኛ ፊት ካልተፈታ አይፈታም። ደግሞም እሱ ቢምራቸው ምሕረቱ ለእሱ ብቻ ነው። ነገ ልጁ መጥቶ የአባቴን ሲሶ ቢል ምን ይላሉ? ከነገ ወዲያስ ሌላ ባለጸጋ ሲነሣባቸው፣ የሚቀጥሩት ሌላው ነገረ ፈጅ ይምራቸዋል? እነሱ ራሳቸው እንዳይከሱ ደግሞ መሐላቸውን መብላት ይሆንባቸዋል፤ እሱን ከሚያደርጉ ቢራቡ ይመርጣሉ።

ነገረ ፈጁ በቅሎው ላይ ወጥቶ ዳገቱን ሲወጣ የሽማግሌውን ነገር እየገለባበጠ አሰበው፤ ቀዳዳ ሊያገኝበት አልቻለም። ልክ ናቸው። እነሱ መክሰስ አይችሉም፤ የእሱም ምሕረት ብቻውን አይበቃም። ተራራው ወገብ ላይ ሲደርስ በቅሎውን አቆመና ወደ ኋላ ዞሮ ማሳውን አየው። ከላይ ሲያዩት ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ግራጫ ነበረ። ያኔ ምን እንደሚያደርግ ቆረጠ።

በገበያው ቀን፣ ችሎቱ ሞልቶ ሳለ፣ ነገረ ፈጁ ሸማውን አደግድጎ ቀረበ። ዳኛው ዛሬ ለማን እንደሚቆም ጠየቀው። ለወንዝ ዳር ደካሞች ነው አለ። ተከሳሹስ ማን ነው ቢለው፣ ራሱን አመለከተ። ሰዉ ሣቀ። ዳኛውም መጀመሪያ ሣቀ፤ የሰውየውን ፊት ሲያይ ግን ሣቁን ተወ። አንድ ሰው በሁለት ወገን አይቆምም ብሎ፣ ለውሉ የሚከራከር ሌላ ነገረ ፈጅ ይቁም ሲል አዘዘ።

የቆመውም ዝናውን ለመንጠቅ ስንት ዘመን ሲጠብቀው የኖረ ጎልማሳ ነገረ ፈጅ ነው። ያገሩ ነገረ ፈጆችም ሁሉ በኋላው ተሰለፉ፣ የሚሟገትለት ውል ለእነሱም እንጀራ ነበርና። ከሳሹ ያን ጊዜ በቅሎዬን አስይዣለሁ አለ። ይህም ሰዉን አስገረመው፤ ቢረታ ሲሶውን ያጣል፣ ቢሸነፍ በቅሎውን ያጣል።

ጎልማሳው ጥሩ አድርጎ ተከራከረ። እነዚህ ሰዎች ሕፃናት አይደሉም አለ። ሲሶ ሲሶ ነው፤ የተሰወረ ቃል የለበትም። ያለ እሱ ማሳውን በሙሉ ያጡ ነበር፣ በእሱ ግን ሁለቱን እጅ አገኙ። ማንም አላስገደዳቸውም፣ ደጁ ድረስ የመጡት እነሱ ናቸው። «ደግሞስ» አለ፣ «ዛሬ ይህ ውል ከፈረሰ፣ ነገ ለደካማ ብሎ አንደበቱን የሚያደክም ሰው ከየት ይገኛል?» ነገረ ፈጁ ይህን ሲሰማ በልቡ አደነቀው። እሱ በዚያ ወገን ቢቆም ኖሮ የሚናገረው ይህንኑ ነበር።

ተራው ሲደርስ እመት አስካለን ጠራ። ከሰዉ መካከል ወጥተው በምርኩዛቸው ቆሙ።

«ያን ቀን ሲሶ ስልዎ ምን መሰለዎ?»

«ከሚተርፈው መሰለኝ» አሉ። «ዘሩ ከተነሣ፣ ደካማው ከበላ በኋላ።»

«ጠየቁኝ?»

«አልጠየቅሁም። ቤቱ የሚነድበት ሰው ውኃ ላመጣለት ስንት ነው ይለዋል? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።»

ሰዉ ሊሥቅ ከጀለና ተወው። ነገረ ፈጁም ወደ ዳኛው ዞረ። ድምፁን እንደ ልማዱ ዝቅ አደረገ፤ የዚያን ቀን ግን ሰዉን ለመሳብ አልነበረም።

«እሳቸው አልጠየቁም፤ እኔም አልነገርኋቸውም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ገበሬ ባልሆንም ዘር ከየት እንደሚወጣ አውቃለሁ። የተናገርሁት እውነት ነው፤ ያልተናገርሁት ደግሞ ትርፌ ነበር። የፈራ ሰው እሺ ሲል እሺታው የፍርሃቱ ነው። እኔ የተዋዋልሁት ከፍርሃታቸው ጋር ነው። ፍርሃቱ በማግስቱ ሄደ፣ ውሉ ግን አልሄደም። ለደካማ የሚቆም ከየት ይገኛል ላለውም፣ ለጥጃ ጡት የማይተው አላቢ ለከርሞ ምን ያልባል? ዋጋዬን አልጠላሁትም። ደክሜያለሁ፣ ሊከፈለኝ ይገባል። ከአዝመራው ግን ነው እንጂ ከዘሩ አይደለም።»

ይህን ብሎ ክርክሩን ጨረሰ። ጎልማሳው ነገረ ፈጅ መልስ እንዲሰጥ ሲጠየቅ፣ የምለው የለኝም ሲል እጅ ነሣ። ለዚህም ይመሰገናል።

ዳኛው ፍርዱን ሰጠ። መሐላውን በንጉሥ ወንበር ፈታ። ለነገረ ፈጁ ስለ ድካሙ ካለፈው የወሰደው ይበቃዋል አለ፤ በትርፍ የወሰደውን ዘር ግን እንዲመልስ አዘዘ። ስለሚመጣውም እንዲህ ሲል ደነገገ፦ ከእንግዲህ ነገረ ፈጅ የሚቀጥር ሁሉ ዋጋውን በጆሮው ብቻ አይስማ። ነገረ ፈጁ የሚወስደውን ያህል እህል በአንድ ወገን፣ ለቀጣሪው የሚቀረውን ያህል በሌላ ወገን ይከምርና፣ ፍርሃት የሌለበት አንድ ሽማግሌ በአጠገብ ቆሞ፣ ሁለቱም ክምር ይታይ። አይቶ የማለ ይማል። ዘር ግን ከማንም ክምር አይገባም።

ነገረ ፈጁ የዚያን ቀን ረታም ተረታም። ያገሩ ነገረ ፈጆች ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ነፈጉት። ባለቤቱም የቤቱ ጎተራ ሲጎድል አይታ፣ የሰው ነገር ሲፈጅ የኖረ በመጨረሻ የራሱን ፈጀ እያለች ታሽሟጥጥበት ነበር። እሱ ግን እህሉን በቀጣሪዎቹ ፊት ከምሮ ዋጋውን የሚናገር ነገረ ፈጅ ሆነ፤ ክምሩን አይተው ብዙዎች በደስታ ይከፍሉት ነበር፣ አንዳንዶችም አይተው ይሄዱ ነበር። የሚሄዱትን አይጠራቸውም።

በሚቀጥለው የእርሻ ወራት ወደ ወንዝ ዳር ወርዶ እሱም አንድ ተራ እንዲሰጡት ለመነ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያ በአውድማው ላይ ያገኘው ጎልማሳ በሬዎቹን አበደረው፤ ዳር ላይ ያለውን ድንጋያማውን አሳየው። ነገረ ፈጁ እርፍ ጨብጦ አያውቅምና ፈሩ እንደ እባብ ተጣመመ፤ በሬዎቹ ይዘውት ይሄዱ ነበር እንጂ እሱ አልነዳቸውም። በየማሳው ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ እያየ ሣቀበት። ሣቃቸውን ሲጨርሱ ግን እነሱም በሬያቸውን ጠምደው ገቡ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ አሜኬላው ተገለበጠ። እመት አስካለም የእሱን ተራ እንደ ማንኛውም ሰው ተራ ቆጠሩለት።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ ያ ማሳ የሠራተኞችሽ ገንዘብ ነው፤ ጡረታ የሚሉት ከመጦር የመጣ ቃል መሆኑን አትርሺ። ባለሙያዎቹም ነገረ ፈጁን ይመስላሉ። ሌቦች አይደሉም፤ ያለ እነሱም ማሳው በባለጸጋ እጅ ይገባል። ስለዚህ ዋጋቸውን አትንፈጊያቸው። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ፈርመዋል ወይ ብለሽ ነው፤ እኔ ደግሞ ሲፈርሙ ምን አይተው ነበር ብዬ እጠይቅሻለሁ። ያ ገንዘብ የሚሞተው ካዝናው ባዶ የሆነ ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት፣ ወጣቱ ሠራተኛ አባቱ ግማሽ ቁና ይዞ ሲመለስ አይቶ፣ ለማን ልረስ ያለ ቀን ነው የሚሞተው። ስለዚህ ወደ ስብሰባሽ ስትገቢ ወረቀቱን ከማስፈረምሽ በፊት ሁለቱን ክምር በፊታቸው አድርጊ፤ ባለሙያው የሚወስደውን በአንድ ወገን፣ ለእነሱ ሲያረጁ የሚቀረውን በሌላ ወገን። ፍርሃት የሌለበት ሰው ከተፈለገ ደግሞ በክምሩ አጠገብ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። የመረጡሽ ለዚህ ነው።